የመንግሥት ወጪ «ከምርቱ» ነው ወይስ «ከምርቱ ጋር ሲነጻጸር»?

አንድ አንባቢ «የፈረንሳይ መንግሥት ወጪ ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት 57 በመቶ ነው» የሚል ዜና ሰምተው፣ «ከ» በቦታው መግባት አለመግባቱን ጠይቀውኛል። በእኔ እምነት በቦታው አልገባም፤ ጉዳዩም ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ የኖረ ነው።

ከ«ወጪ» እንነሣ። ግእዙ «ወፅአ» ብሎ «ወፃኢ» የሚል ሣልስ ቅጽል ያወጣል። በአማርኛ «ወጣ» የሚለው ግስ ጠ፣ በሣልሱ ድምፅ ተስቦ ጨ ይሆንና «ወጪ» ይገኛል። «ወጭ» ብለው በሳድስ የሚጽፉ አሉ፤ ነገር ግን ወንድሙን «ገቢ»ን «ገብ» እንደማንለው ሁሉ ይህም ሣልሱን ሊያጣ አይገባም። ወጪ እንግዲህ የሚወጣው ነገር ነው፤ የሚወጣ ነገር ደግሞ መነሻ አለው። የመንግሥት ወጪ የሚወጣው ከግምጃ ቤት ነው። አጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ግን በአንድ ዓመት በሀገር ውስጥ የተመረተው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ እንጂ ገንዘብ የሚወጣበት ካዝና አይደለም።

«ከ» ማወዳደሪያም ስለሆነ ስሕተት የለበትም የሚሉ አሉ። ማስረጃቸው ቀላል አይደለም፤ ግእዙም «እም»ን ለመነሻም ለማበላለጫም ይጠቀምበታል። ሆኖም የማበላለጫው «ከ» እንደ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «ይሻላል» ያለ ማሰሪያ ይፈልጋል። ማሰሪያው «57 በመቶ ነው» ሲሆን አንባቢው የሚረዳው ክፍልፋይን ነው፤ ፈረንሳይ ካመረተችው ከግማሽ በላዩን መንግሥት የወሰደው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የጡረታ አበልና የዕዳ ወለድ በመንግሥት ወጪ ይቆጠራሉ፣ አዲስ ምርት ስላልሆኑ ግን በምርቱ ስሌት አይገቡም። ስለዚህ ወጪው የምርቱ ቁራጭ አይደለም፤ ምርቱ መለኪያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ የአፍሪካ መሪዎች ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በማፑቶ ደግሞ 10 በመቶውን ለግብርና ለማዋል ቃል ሲገቡ «ከበጀታቸው» ማለት ትክክል ነው፤ ድርሻው በእርግጥ ከበጀቱ ይቆረሳልና። ኔቶ እ.ኤ.አ. በ2014 አባላቱ ለመከላከያ እንዲያወጡ ያስቀመጠው 2 በመቶ ግን ከምርት ጋር የተነጻጸረ ልክ ነው። ሁለቱን በአንድ «ከ» የጻፈ ሰው፣ የበጀት 10 በመቶና ከምርት ጋር የተነጻጸረ 10 በመቶ እጅግ የተራራቁ ገንዘቦች መሆናቸውን ከአንባቢው ይሰውራል።

«አጠቃላይ» የሚለውም ቢሆን አድራጊውን የሚያመለክት ቅርጽ ስለሆነ፣ ተደራጊውን የሚያሳየው «ጥቅል» ለጆሮዬ ይሻላል፤ ልማዱ ግን ለ«አጠቃላይ» አድልቷል። በ«ከ»ም ረገድ ዜናው ሁሉ ወደ አጭሩ አነጋገር እንዳዘነበለ ሳልወድ እቀበላለሁ፤ በርእስ ላይ ቦታ ሲጠብብ ይለፍ። በሐተታው ውስጥ ግን «ወጪው ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ጋር ሲነጻጸር 57 በመቶ ነው» ተብሎ ይጻፍ።