ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የናቫሆዎች የተቆላ ፒንዮን ለስኳር ሕመምተኛ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 52 ነው። የምኖረው ፊኒክስ፣ አሪዞና ሲሆን የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ኢንተርስቴት 40 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ በኒው ሜክሲኮዋ ጋለፕ ከተማ ሳልፍ ናቫሆ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ሴቶች የተቆላ ፒንዮን ይሸጣሉ። አንድ ከረጢት እገዛና እየፈለፈልኩ እንደ ቆሎ እበላዋለሁ። አንዳንዴ በአንድ ቀን ያልቃል። ዓይነት 2 ስኳርና የደም ግፊት አለብኝ፤ ሜትፎርሚንና የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ባለቤቴ «ቅባት ነው፣ ተወው» ትለኛለች። ሻጯ ደግሞ «የአያቶቻችን ምግብ ነው፣ ጤና ነው» አለችኝ። ማንን ልስማ? በጾም ጊዜስ የሥጋ ምትክ ይሆነኛል?

መልስ፦ እንደምን አሉ ወንድሜ። ፒንዮንን መተው የለብዎትም። ከረጢቱን በአንድ ቀን መጨረስ ግን ይቅር።

ፒንዮን የፓይን ዛፍ ፍሬ ነው። አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ዩታና ኮሎራዶ በሚገናኙበት ደጋማና ደረቅ አገር በራሱ ይበቅላል እንጂ እንደ እህል አይዘራም። ኮኑ ፍሬ ይዞ እስኪበስል ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ደህና ምርት የሚገኘውም በየተወሰኑ ዓመታት አንዴ ነው። ዋጋው የሚወደደው ለዚህ ነው። ናቫሆዎች በመከር ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ ከዛፉ ሥር ይለቅመዋል። ከዚያ እስከ ቅርፊቱ በመጥበሻ ይቆላል፤ ብዙ ጊዜ የጨው ውሃ ይረጭበታል። ድሮ ተቆልቶ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጭና እንደ ኦቾሎኒ ቅቤ ሆኖ ከበቆሎ ቂጣ ጋር ይበላ ነበር።

ከተፈለፈለው ፍሬ 100 ግራም ውስጥ ወደ 630 ካሎሪ፣ 61 ግራም ቅባት፣ ከ11 ግራም በላይ ፕሮቲንና 19 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ከካርቦሃይድሬቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ስኳር የማይለወጥ አሰር ነው። ለዚህም ነው ስኳርዎን ቶሎ የማይሰቅለው። ማግኒዚየም፣ ዚንክና ብረትም አለው። መቆላቱ ማዕድኖቹን አያጠፋም። ካላረረ በስተቀር ቅባቱም ብዙ አይጎዳም።

ባለቤትዎ ቅባት ነው ማለታቸው ትክክል ነው። አብዛኛው ግን እንደ ወይራ ዘይትና እንደ ሱፍ ዘይት ያለው፣ ለልብ የማይከፋው ዓይነት ነው። ልብ የሚጎዳው የረጋ ስብ ከ61ዱ ግራም 9 ያህሉ ብቻ ነው። ኮሌስትሮል ደግሞ የለውም። እንዲህ ያሉ ፍሬዎችን በልክ የሚበሉ ሰዎች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አነስ ብሎ ይታያል። ችግሩ ካሎሪው ነው። 28 ግራም የተፈለፈለ ፍሬ፣ ማለትም አንድ ትንሽ እፍኝ፣ 180 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የከረጢቱ ሙሉ ካሎሪ ቦርጭ ይሆናል። ቦርጭ ሲጨምር ደግሞ ሜትፎርሚኑ እያደር አልበቃ ይላል።

ስለዚህ በቀን አንድ እፍኝ ይብሉ፣ እሱም በብስኩትና በቺፕስ ፈንታ ይሁን። በላያቸው ከተጨመረ ምንም አላተረፉም። ከነቅርፊቱ መግዛትዎን አይተዉ። አንድ በአንድ እየሰበሩ ሲበሉ ሆድ «በቃኝ» ለማለት ጊዜ ያገኛል። ተፈልፍሎ የታሸገውን ግን ሰው ሳያስበው ይጨርሰዋል። ሲመርጡ ጠቆር ያለ ቡናማውን ይያዙ፤ ነጣ ያለው ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው። የተሞላ ወይም የተተከለ ጥርስ ካለዎት በጥርስዎ አይስበሩት፣ ትንሽ መቆንጠጫ ይግዙ። እየነዱማ በፍጹም አይፈልፍሉ!

ከቅባቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ጨው ነው። ጨዉ ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው፤ ከነቅርፊቱ አፍዎ ውስጥ ከከተቱት ደግሞ ጨዉን ይመጡታል። ለደም ግፊት ሕመምተኛ የቀኑ ጨው በሙሉ፣ የወጡም የዳቦውም ተደምሮ፣ ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም። ሻጮቹን ጨው የሌለው እንዳላቸው ይጠይቋቸው። ጥሬውን ገዝተው ቤትዎ መቁላትም ይችላሉ። በመካከለኛ እሳት እያማሰሉ ይቁሉት፤ ፍሬው ወርቃማ ሲሆን ያውጡት።

ሻጯም የአያቶቻችን ምግብ ነው ያሉት እውነታቸውን ነው። የአሜሪካ ጦር በ1864 ናቫሆዎችን ከአገራቸው አፈናቅሎ ቦስኬ ሬዶንዶ ወደሚባል ቦታ በእግር ነዳቸው። እስከ 1868 እዚያ ታስረው ቆዩ። የሚበሉት የአያቶቻቸውን ምግብ ሳይሆን ጦሩ የሚያድላቸውን ራሽን ነበር። ዛሬ የናቫሆ ምግብ ተብሎ የሚታወቀው በስብ የሚጠበሰው ዳቦ ከዚያ ዘመን እንደመጣ ይነገራል። አሁን የስኳር ሕመም በመካከላቸው በጣም ተስፋፍቷል። የናቫሆ ምክር ቤት በ2014 ባወጣው ሕግ ጣፋጭ መጠጥና የማይረባ ምግብ ላይ ተጨማሪ 2 በመቶ ግብር ጥሏል፤ አትክልት፣ ፍራፍሬና እንዲህ ያሉ ፍሬዎችን ደግሞ ከሽያጭ ግብር ነጻ አድርጓል። እንደ ሐኪም ይህን ውሳኔ በጣም አከብረዋለሁ። ስለዚህ ሻጯ ፒንዮንና በስብ የተጠበሰውን ዳቦ ቢያቀርቡልዎት ፒንዮኑን ይውሰዱ።

ለጾም ጥሩ ነው፣ የሥጋ ምትክ ግን አይሆንም። በአንድ እፍኝ የሚያገኙት ፕሮቲን 3 ግራም ገደማ ነው። ፕሮቲን የሚያገኙት ከምስር፣ ከሽሮና ከባቄላ ነው። ፒንዮኑን ሰላጣ ላይ ቢነሰንሱት ግን ያምራል።

መድኃኒትዎን በተመለከተ ሜትፎርሚን ከፒንዮን ጋር አይጣላም። ወደፊት ኢንሱሊን ከጀመሩ ግን ይህን ይያዙ፦ ስኳርዎ ወርዶ ላብ ላብ ሲልዎትና እጅዎ ሲንቀጠቀጥ ፒንዮን አያድንዎትም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። መኪናውን ያቁሙና ጭማቂ ወይም ስኳር ይውሰዱ። የኩላሊት ችግር አለ ተብለው ከሆነም መጠኑን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። በልተው ከንፈር ማበጥ፣ ሽፍታ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ አለርጂ ነው፤ ወዲያው 911 ይደውሉ። ለትንንሽ ልጆች ሙሉውን ፍሬ አይስጡ፣ ያንቃቸዋል።

አንድ ቀን ራስዎ ለመልቀም ካሰቡ ደግሞ ከአይጥ ጎጆ አይውሰዱ። አይጦች ፒንዮን ስለሚያከማቹ እዚያ ብዙ ይገኛል። በ1993 በዚያው አካባቢ ወጣቶችን ሳይቀር የገደለ የሳንባ በሽታ ተነሥቶ ነበር። ምክንያቱ አጋዘን አይጥ የሚባለው የሚሸከመው ሀንታ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ሰው የሚያዘው የአይጡ ሽንትና ኩስ ያለበትን አቧራ ሲተነፍስ ነው። ከዚያ በፊት ዝናቡ በርትቶ፣ ፒንዮኑ በዝቶ፣ አይጡም ተራብቶ ነበር። የናቫሆ ሽማግሌዎች ይህን ግንኙነት ለተመራማሪዎቹ ነግረዋቸዋል።

የገዙትን ከነቅርፊቱ በደንብ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ሙቀት ባለው መኪና ውስጥ ከሰነበተ ቅባቱ ይበላሻል። የቆየ ዘይት ከሸተተዎት ይጣሉት። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ደግሞ ክብደትዎን፣ የደም ግፊትዎንና የሦስት ወር የስኳር ምርመራዎን ያሳዩ፤ ልኩን ከዚያ ተነሥተው ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉታል።