ማዕበል ወይስ ሞገድ? ጠለል፣ ገጽ ወይስ ወለል?

ጥያቄ፦ ስለ ውቅያኖስ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ፣ ከላይ ሳይታይ በጥልቁ ውስጥ የሚጓዘውን ግዙፍ የውኃ እንቅስቃሴ «ከባሕር ወለል በታች ያለ ማዕበል» አልኩት። ጽሑፉን ያረመው ባልደረባዬ «ከባሕር ወለል በታች ያለው ዐለት ነው» ብሎ ሰረዘው። «ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ነው» ሲባል ግን ወለሉ የውኃው ፊት አይደለም? ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ስለ «ወለል» ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ችግሩም ይኸው ነው። ወለል እግር የሚረግጠው የቤት መሬት ነውና ባልደረባዎ ቃሉን ሲያነቡ ወደ ባሕሩ ግርጌ ቢወርዱ አይፈረድባቸውም። ከፍታ በሚለካበት ጊዜ ደግሞ ይኸው ቃል «ጠለል»ን ተክቶ ይሠራል። የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት 3,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ቃል ይህን ያህል የተራራቁ ሁለት ቦታዎችን ይጠራል ማለት ነው። ስለ ባሕር የሚጽፍ ሰው ሦስቱን እንዲለያቸው አጥብቄ እመክራለሁ፦ ለከፍታ መነሻው ጠለል፣ ለሚታየው የውኃ ፊት ገጽ፣ ለግርጌው ወለል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «ማዕበል» ያሉት ነው። ማዕበልና ሞገድ ሁለቱም በግእዝ ያሉ የቆዩ ቃላት ናቸው። በመዝሙር 42 እና በዮናስ 2 «ማዕበልህና ሞገድህ» ተብለው ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ እዚያ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። የዛሬው አማርኛ ግን ለይቷቸዋል። ማዕበል ቁጣ አለበት፤ ነፋስ፣ ጩኸት፣ የሚናወጥ መርከብ አብረውት ይመጣሉ። «የተቃውሞ ማዕበል» የምንለውም ለዚህ ነው። ሞገድ ግን የሬዲዮ፣ የድምፅና የብርሃን ስም እስኪሆን ድረስ ጸጥ ብሏል፤ እየተመላለሰ የሚጓዝ እንቅስቃሴን ይናገራል እንጂ ቁጣን አይናገርም።

እርስዎ የሚጽፉለት ነገር ደግሞ ከላይ ሲያዩት ቁጣ የለውም። ባሕር አንድ ወጥ ውኃ አይደለም፤ ሞቃቱና ቀላሉ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይተኛል። የጨረቃና የፀሐይ ስበት የሚያንቀሳቅሰው ውኃ በባሕር ውስጥ ተራራ ላይ ሲያልፍ፣ የሁለቱ ድንበር ከፍና ዝቅ እያለ መጓዝ ይጀምራል። በብርጭቆ ውኃ ላይ ዘይት ጨምረው ቀስ ብለው ያዘንብሉት፤ የዘይቱ ፊት እምብዛም ሳይናወጥ ከሥሩ ያለው ድንበር ሲወዛወዝ ያያሉ፣ ውዝዋዜውም ዝግ ያለ ነው። በውኃና በአየር መካከል ያለው የክብደት ልዩነት 800 እጥፍ ያህል ሲሆን በሁለቱ የባሕር ንብርብሮች መካከል ያለው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከፍ ያለውን ውኃ ወደ ታች የሚመልሰው ኃይል ደካማ ነው፤ ሞገዱም በጣም ይቆለላል፣ በዝግታም ይጓዛል። በታይዋንና በፊሊፒንስ መካከል ባለው በሉዞን ሰርጥ ተነሥተው ወደ ደቡብ ቻይና ባሕር የሚገቡት ሞገዶች ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖራቸው ፍጥነታቸው በሰከንድ 2 ወይም 3 ሜትር ነው፤ ከሶምሶማ ሩጫ ብዙም አይበልጥም። የባሕሩ ገጽ በዚያን ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚለው ግን በጣም በጥቂቱ ነው። ሳተላይት የሚያያቸው ገጹን ተራ በተራ ለስላሳና ሸካራ እያደረጉ ስለሚያልፉ ነው። ይህን «ማዕበል» ብንለው አንባቢ በዓይነ ልቡናው የሚያየው የሌለ ነገር ነው።

ቅጽሉን በተመለከተ «ውስጣዊ ሞገድ» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት አይደለም። ለጆሮዬ ግን «ውስጣዊ» ከ«ውስጣዊ ሰላም» እና ከ«ውስጣዊ ስሜት» ጋር ወደ ልብ ያደላል። ለሚጨበጠው ነገር «የውስጥ ልብስ»፣ «የውስጥ ደዌ» እንላለን። «የባሕር ውስጥ ሞገድ» ደግሞ አይለይም፤ ዳር ላይ የሚዋኝም ሰው ባሕር ውስጥ ነው። «የውስጥ ሞገድ» ካልን ግን «የገጽ ሞገድ» የሚል ጥሩ ተጓዳኝ እናገኝለታለን።

ሞገዱ ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ ሲደርስ «ተሰበረ» አይበሉ፤ ዱላ ይሰበራል፣ የተቆለለ ነገር ግን ይናዳል። ሞገዱ ሲናድ ቀዝቃዛው ውኃ ከሞቃቱ ጋር ይደባለቃል፣ ከጥልቁ የሚወጣውም ንጥረ ምግብ የላይኛውን ሕይወት ይመግባል።

በጽሑፍዎ የናንሰን ታሪክ ካለም «ሙት ውኃ» ይበሉት፤ «ሙት ባሕር» መንገዱን ጠርጎልናል። ኖርዌያዊው አሳሽ ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1893 በሳይቤሪያ ጠረፍ ሲያልፍ ፍራም የተባለችው መርከቡ ሞተሯ እየሠራ በጭንቅ ብቻ ትራመድ ነበር። ከበረዶ የቀለጠ ቀላል ውኃ በጨዋማው ላይ ስስ ሆኖ ተኝቶ ነበርና፣ ጉልበቷ በሁለቱ ድንበር ላይ ሞገድ በማንሣት ይባክን ነበር። ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1904 በሙከራ ያስረዳው ስዊድናዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ኤክማን ነው።

እንግዲህ የእርስዎን ሐረግ እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «ከባሕሩ ገጽ በታች የሚጓዝ ግዙፍ የውስጥ ሞገድ»።