ዳገት የበዛበት የመጀመሪያ ግማሽ ርቀት ትራያትሎን፦ “ገደቡ ሳይዘጋብኝ እጨርሳለሁ ወይ?” ላልሽው

እህቴ፣ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ርቀት ትራያትሎን (1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ብስክሌት፣ 10 ሩጫ) እንደጨረስሽ፣ አሁን ደግሞ 1,200 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ የብስክሌት መንገድና ነፋስ የማያጣው ሐይቅ ላለበት ግማሽ ርቀት እንደተመዘገብሽ፣ 14 ሳምንት እንደቀረሽና ዋናው እንደሚያስጨንቅሽ ጽፈሻል። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ የጊዜ ገደቡ ሳይዘጋብኝ እጨርሳለሁ ወይ? ቀሪውን ጊዜስ በምን ላይ ላውለው? እኔ የመጀመሪያዬን የጨረስኩት በዚሁ ዓይነት መንገድ ላይ፣ በ7 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። ፈጣን ሰው አይደለሁም፤ ከፊት ለሚሮጡት የምመክረው ነገር የለኝም። ከኋላ ሆነው ሰዓታቸውን እያዩ ለሚመጡት ግን ጥቂት አለኝ።

እኔን ከፍርሃቱ ያወጣኝ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን መሥራቴ ነው፤ አንቺም አብረሽኝ ሥሪው። ርቀቱ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። (“70.3” ሲባል የምትሰሚው ይኸው ርቀት በማይል ተደምሮ ነው።) በብዙ ውድድሮች ከውኃው በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ከብስክሌቱ ከመነሻው ተቆጥሮ በ5 ሰዓት ከ30፣ ሁሉንም ደግሞ በ8 ሰዓት ከ30 ደቂቃ መጨረስ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ከውድድር ውድድር ስለሚለያዩ የራስሽን መመሪያ አንብቢ። ዋናውን በ55 ደቂቃ ጨርሰሽ በመሸጋገሪያው ስፍራ (ከዋና ወደ ብስክሌት ልብስና ጫማ በሚቀየርበት) 8 ደቂቃ ብትፈጂ፣ ለብስክሌቱ 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይቀርሻል። ይህ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ አማካይ ፍጥነት ነው። ብስክሌቱን ገደቡ ሊዘጋ ሲል ብታደርሺ እንኳ ለሩጫው 3 ሰዓት አለሽ። ጫማ ለመቀየር 5 ደቂቃ ብትቀንሺ፣ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ መሮጥ ይበቃል ማለት ነው። እየሮጡም እየተራመዱም የሚደረስበት ፍጥነት ነው።

ስለዚህ የሚዘጋብሽ በር ካለ የብስክሌቱ በር ነው። በሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀላል ይመስላል፤ ዳገት ግን ሒሳቡን ያበላሻል። ሽቅቡ የበላብሽን ጊዜ ቁልቁለቱ ይመልስልኛል ብለሽ አትመኚ። 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት 10 እየሄድሽ ወጥተሽ፣ ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት 40 ብትወርጂ አማካይሽ 25 አይሆንም፤ 16 ነው። ይህን በወረቀት ላይ ስሠራው ደንግጬ ነበር። ድንጋጤው ደግሞ ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ መራኝ፤ “እንግዲህ ዳገቱን መግፋት አለብኝ” አልኩ።

በውድድሩ ቀን የሠራሁትን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዳገት ከመነሻው 12 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። ገና ከውኃ መውጣቴ ነው፤ እግሬ ትኩስ፣ ሕዝቡ በመንገዱ ዳር ያጨበጭባል፣ ውድ ጎማ የገጠሙ ሰዎችን ሳይቀር እያለፍኩ ነው። የልብ ምቴ በልምምድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት እንኳ ልይዘው የማልችለው ቁጥር ላይ ነበር። አየሁት፤ አይቼም ተውኩት። ያለፍኳቸው ሰዎች በሙሉ ከ60ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ በአንድ ተመልሰው አለፉኝ። አንዲት በዕድሜ እናቴን የምታህል ሴት “በርታ ልጄ” እያለችኝ በዝግታ ፔዳሏን እያዞረች ስታልፈኝ ነገሩ ገባኝ። እርሷ ከመጀመሪያው ዳገት ጀምሮ ፍጥነቷን አልቀየረችም ነበር።

በዳገት ላይ ሳትንፈራገጪ የምትወጪው ማርሹ ሲፈቅድልሽ ነው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከልምምድ ሳይሆን የኋላውን ማርሽ ከመቀየር ነው። ከፊት ባለ 39፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 25 ጥርስ ይዞ 8 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚሄድ ሰው ፔዳሉን በደቂቃ 48 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚያዞረው። ያ መንዳት ሳይሆን በአንድ እግር ደረጃ መውጣት ነው፤ ጡንቻውን ለሩጫው ሳያስተርፍ ይጨርሰዋል። ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ብትይዢ በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 70 ታዞሪያለሽ። ፈጣን ጓደኞችሽ “የአያት ማርሽ” ብለው ሊስቁብሽ ይችላሉ። ይሳቁ። ለቀላል ጎማና ለሹል ሄልሜት ከምታወጪው ገንዘብ አንድ አሥረኛው ለዚህ ቢውል እመርጣለሁ።

ደንቤ እንዲህ ሆኗል፦ የመጀመሪያዎቹን 30 ኪሎ ሜትሮች ሰው ሁሉ እያለፈኝ እነዳለሁ። በዳገት ላይ በአፍንጫና በአፍ ተረጋግቼ መተንፈስ፣ ሁለት ሦስት ቃል መናገር ካልቻልኩ አንድ ማርሽ አቀላለሁ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ አላርፍም፤ ፍጥነቱ እስኪመለስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እገፋለሁ። እዚያ ላይ የሚገኘው ጊዜ ርካሽ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ፔዳል መምታቱን እተዋለሁ። የአየር መቋቋም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናልና፣ በሰዓት 45 እየወረድሽ ብትገፊ ላብሽን ለነፋስ መገበርሽ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስም እንደዚያው ነው፤ ቁጥሩን ለማስመለስ አትታገዪው፤ ጎንበስ ብለሽ፣ በምትችዪው ጉልበት፣ ፍጥነቱ የሚሆነውን ይሁን።

አሁን ወደ ምግቡ። በኦሊምፒክ ርቀት አንድ ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ጣፋጭ የኃይል ምግብ) እና አንድ ጠርሙስ ውኃ አድርሶሽ ይሆናል፤ እዚህ አያደርስሽም። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያስቀምጠው ካርቦሃይድሬት ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ነው። ለሰባትና ለስምንት ሰዓት ሥራ ያ አይበቃም፤ ስብ ይደግፈዋል፤ ግን በዝግታ ነው። በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የመነሻ ግብ ይሁንሽ። ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉ ሁለት የስኳር ዓይነቶች የተቀላቀሉበትን የለመደ ሆድ እስከ 90 ግራም ሊቀበል ይችላል፤ ያልለመደ ሆድ ግን ያስታውከዋል። እዚህ ላይ ቸል የሚባለው “የለመደ” የሚለው ቃል ነው። አንጀትም እንደ እግር ይሠለጥናል፤ በረጅሙ የብስክሌት ልምምድሽ በየሳምንቱ የውድድር ቀን ምግብሽን ብዪ፤ ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ መጠን።

እኔ በሦስተኛው ሰዓት ሆዴ ከበደኝና መብላት አቆምኩ። ጥፋቱ የምግቡ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በመጀመሪያው ዳገት ላይ ያንን ያህል ስገፋ ደሙ ወደ እግሬ ሄዶ ሆዴ ሥራ አቁሟል። አጥብቀሽ ከነዳሽ አትበዪም፤ ካልበላሽ አትሮጪም። ውኃም እንደዚያው ነው፤ እንደ ሙቀቱና እንደ ላብሽ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ለብዙ ሰው ይበቃል። ከጨው ጋር ይሁን። ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያቀጥነዋል፤ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም ሕይወትን የሚያሰጋ ሕመም ያመጣል። ሰዓትሽን በየ15 ደቂቃው እንዲጮኽ አድርጊው፤ ሲጮኽ ትጎርሻለሽ ወይም ትጠጫለሽ። ረሃብና ጥም እስኪመጡ አትጠብቂ። በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ አንዱ ጠርሙሴ ከመያዣው ዘልሎ ወጥቶ ነበር፤ ያንቺን በላስቲክ አጥብቂው።

ከብስክሌት ወርደሽ ስትሮጪ እግርሽ ይዋሽሻል። መጀመሪያ ላይ ዘገምተኛ የምትዪው ፍጥነት በእውነቱ ፈጣን ነው። እኔ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር “በዝግታ” ስሮጥ 5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሆኖ አገኘሁት፤ በልምምድ እንኳ ለ21 ኪሎ ሜትር ይዤው የማላውቀው ፍጥነት ነው። 9ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያዳነኝ ተራ ስምምነት ነበር፦ ዳገቱን ሁሉ እራመዳለሁ፣ የውኃ መስጫው ሲደርስ እራመዳለሁ፣ የቀረውን ቀስ ብዬ እሮጣለሁ። እንዲህ አድርጌ ሩጫውን በ2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ጨረስኩ። አንቺ ይህን ስምምነት 9ኛው ላይ ተገደሽ ሳይሆን ከ1ኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ወደሽ ብትገቢበት የተሻለ ይሆናል። አጥብቆ በእግር መሄድ ነውር አይደለም፤ በዳገት ላይ ከሚንከላወሰው ሯጭ ጋር እኩል ያራምዳል።

ስለ ዋናው የተጨነቅሽውን ያህል አልጨነቅም። የገንዳ ዋና ለምደሻል፤ 1.9 ኪሎ ሜትር ትጨርሻለሽ። ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ናቸው። ቀዝቃዛ ውኃ ፊትን ሲነካ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ደረት የሚጠብ ይመስላል፤ የሰው ክንድ ይመታሻል። ይህ የሰውነት ድንጋጤ ነው፤ ያልፋል። ከመነሻው በፊት ፊትሽን ውኃ ውስጥ ነክረሽ አየሩን በደንብ አስወጪ፤ ከጎንና ከኋላ ሆነሽ ጀምሪ። ድንጋጤው ከመጣ በጀርባሽ ተገልብጠሽ ተንፍሺ። የነፍስ አድን ጀልባ ይዘሽ ማረፍ ይፈቀዳል፤ ጀልባው ወደፊት እስካልጎተተሽ ድረስ አያስቀጣም። በየስድስት ስምንት ምቱ ቀና ብለሽ ተንሳፋፊ ምልክቱን እዪ፤ እኔ ሳላይ ዋኝቼ ሰዓቴ 2.1 ኪሎ ሜትር ነው ያለኝ፤ 200 ሜትር በነጻ ጨመርኩ። ዌትሱት (የሚያሞቅና የሚያንሳፍፍ የላስቲክ የዋና ልብስ) የምትለብሺ ከሆነ ቢያንስ አራት ጊዜ በክፍት ውኃ ዋኝተሽበት ና፤ አንገት ላይ የሚያጠብቅ ልብስ በራሱ ድንጋጤ ይፈጥራል። ውኃው ከ24.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ በብዙ ውድድር ስለማይፈቀድ ያለርሱም መዋኘትን ተለማመጂ።

በመሸጋገሪያው ስፍራ ሄልሜትሽን ሳታስሪ ብስክሌቱን አትንኪ፤ መሬት ላይ የተሰመረውን የመውጫ መስመር ሳታልፊ አትውጪበት። በመንገዱ ላይ ከፊትሽ ካለው ጋላቢ በብዙ ውድድር ደንብ 12 ሜትር መራቅ አለብሽ፤ የምታልፊው ከሆነ ቶሎ እለፊው። ሌላው ዝርዝር ነው።

ስለ 14ቱ ሳምንታት፦ በሳምንት 8 ሰዓት ማግኘት ከቻልሽ ግማሹን ለብስክሌት ስጪ። ከርቀቱ አምስት እጅ አራቱ፣ ከጊዜሽም ከግማሽ በላይ እርሱ ነውና። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ረጅም የዳገት መንገድ ይኑርሽ፤ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምረሽ በየሦስተኛው ሳምንት እያቀለልሽ እስከ 4 ሰዓት አድርሺው። ከወረድሽ በኋላ ወዲያው ጫማ ቀይረሽ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሩጪ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ዓላማው እግርሽ የሚዋሽሽን ውሸት መልመድ ነው። ዋና ሁለት ጊዜ፣ ሩጫ ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ ከሩጫዎቹ ረጅሙ ከ16 ወይም ከ17 ኪሎ ሜትር አይበልጥ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ልምምዱን በግማሽ ቀንሺ። በዚያ ሰሞን ጉልበትሽን ያመመሽ ይመስልሻል፣ ጉሮሮሽ የታመመ ይመስልሻል፣ “አልተዘጋጀሁም” ብለሽ ተጨማሪ ረጅም መንገድ መውጣት ያምርሻል። እኔ ወጥቼ ነበር፤ ደክሞኝ መነሻው ላይ ቆምኩ።

አንድ ነገር ከአንቺ እፈልጋለሁ። ነገ ብስክሌትሽን ገልብጠሽ ከፊት የትንሹን፣ ከኋላ የትልቁን ማርሽ ጥርስ ቁጠሪና ጻፊልኝ። ዳገቱ ስንት በመቶ እንደሆነም ከመንገዱ ካርታ ላይ ካገኘሽ ጨምሪበት፤ የሚበቃሽና የማይበቃሽ መሆኑን አስልቼ እመልስልሻለሁ።