ልጆች የሚሳፈሩበት ብስክሌት ጭራውን ሲቆላ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የሰባትና የአራት ዓመት ልጆቼን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ትምህርት ቤታቸው የማደርሳቸው በባለቤቴ ጥቁር ባለ 28 ብስክሌት ነው። የሰፈራችን በያጅ የኋላውን ዕቃ መጫኛ አርዝሞ ሁለት መቀመጫ ሠራልኝ። ሁለቱም ሲሳፈሩ ግን ብስክሌቱ ጭራውን ይቆላል፤ በሁለት ወር ውስጥም ከኋላው ቸርኬ አምስት ሽቦ ተበጥሷል። ኮፐንሃገን ያለችው እህቴ ከፊቱ ሣጥን ያለው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ፎቶ ላከችልኝ፤ በያጁም «እሱንማ እሠራዋለሁ» ይላል። ላሠራው ወይስ ያለኝን ላስጠግን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሣጥኑን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ የሚቆላው የትኛው ክፍል እንደሆነ እንለይ። አንድ ሰው ኮርቻውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝልዎ፤ እርስዎ የመጫኛውን ጫፍ ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት። ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አካል የሆነው የቱቦ አፅም) ጸጥ ብሎ መጫኛው ብቻ ከተጋደለ፣ በያጁ ቀጥ ያሉ እግሮች አቁሞ ሰያፍ ድጋፍ ረስቷል ማለት ነው። አራት ማዕዘን ብረት በጎኑ ሲገፋ ይጋደላል፣ ሦስት ማዕዘን አይጋደልም። ከመቀመጫው ሥር መስቀለኛ ብረት፣ ከዚያም ወደ ኮርቻው ቋሚ ቱቦ የሚሄዱ ሁለት ክንዶች ሲጨመሩለት አብዛኛው መወዛወዝ ይጠፋል። መጫኛው ሳይነቃነቅ ቸርኬው ብቻ ወደ ጎን ከሄደ ደግሞ ኩሽኔታው ወይም ሽቦዎቹ ላልተዋል።

ሽቦዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የተበጠሱት ሞዞው (ሽቦዎቹ የሚገቡበት የቸርኬው እምብርት) አጠገብ ከሚታጠፉበት ክርን ላይ ነው? ከሆነ፣ ጥፋቱ የክብደት ብቻ አይደለም። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ከታች በኩል ያለው ሽቦ ለቅጽበት ይረግባል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጠራል። በደንብ የተወጠረ ሽቦ ይህን ሚሊዮን ጊዜ ይችለዋል። የላላው ግን ክርኑ ላይ ይታጠፍና ይዘረጋል፤ ቀጭን ሽቦ በእጃችን እያመላለስን እንደምንበጥሰው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ በተበጠሰ ቁጥር አንድ እየተኩ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የቀሩትም እኩል ደክመዋል። ሁሉንም በአዲስ ያስለውጡ። ሲጨርስ እንደ ክራር አውታር በጣትዎ ነካ ነካ ያድርጓቸው፤ በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ካልሰጡ ሥራው አላለቀም፣ አይክፈሉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ግን ዋናው ችግር ይቀራል፤ እሱም ልጆቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው። ከኋላ ጎማው መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ያስቡ። ከዚያ መስመር በስተኋላ የሚቀመጥ ክብደት ሁሉ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፣ መሪውንም ያንቀጠቅጣል። የእርስዎ ታናሽ ልጅ፣ እንደ ገለጹልኝ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ውጭ ነው። ለዛሬና ለነገ ታላቁን ወደ ኮርቻው አስጠግተው፣ ታናሹን የግድ ከሆነ ከኋላው ያስቀምጡ፤ ከተቻለ ግን ጥገናው እስኪያልቅ አንድ በአንድ ያመላልሷቸው። ለዘለቄታው መፍትሔው መጫኛውን ሳይሆን ቴላዮውን አርዝሞ ጎማውን ወደ ኋላ መግፋት ነው። ጎማው 38 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ሲሄድ ሁለቱም ልጆች በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይገባሉ፣ ብስክሌቱም እንደ ባቡር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እዚህ ባሕር ዳር ላይ ለደንበኞቼ የምሠራው ይህንኑ ነው። የአንድ ካቴና ዓይን ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ካቴናውም ከላይና ከታች ስለሚረዝም፣ ለዚህ ጭማሪ 60 ዓይን ያህል ያስፈልጋል፤ ሁለት ካቴና ይግዙ።

ጥቁሩን ብስክሌት ግን ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብና የተለበጠ የብረት ቸርኬ ላይ የሚያርፍ ነው፤ ክረምት ላይ ቸርኬው ሲረጥብ መያዙን ይረሳል። ደግሞስ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው እግርዎን በየት በኩል አሻግረው ይወጣሉ? የላይኛው ቱቦ ከፍ ያለ ነው። ስፕሪንግ የሌለው፣ የላይኛው ቱቦው ወደ ታች ያዘነበለ፣ ባለ 26 ያገለገለ የብረት ማውንቴን ብስክሌት ይፈልጉ። ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ማግኔቱ ካልያዘ አሉሚኒየም ነውና የሰፈርዎ በያጅ አይነካውም። ሙሉ በሙሉ ዝቅ ያለውን «የሴት ብስክሌት» የሚባለውንም ብዙ ሰው ይመክራል። ለመውጣት ይመቻል፣ ነገር ግን በጭነት ሲጠማዘዝ ስላየሁት ለሁለት ልጅ አልመክረውም።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ። እህትዎ የላከችልዎ ዓይነት፣ በፈረንጆች 1984 ኮፐንሃገን ውስጥ ክርስቲያንያ በሚባለው ሰፈር መሠራት የጀመረው፣ መልካም ዕቃ ነው። ሲቆም አይወድቅም፤ ልጆች ዝናብ ቢመጣ ሸራ ይለብሳሉ። ነገር ግን ባለ ሦስት ጎማ መታጠፊያ ላይ ወደ ውስጥ አያጋድልም። ፍጥነት ካለዎት የውስጠኛው ጎማ ይነሣል፣ እርስዎም ወደ ውጭ ይገፋሉ። ወርዱ ደግሞ ወደ 90 ሴንቲሜትር ስለሚጠጋ ለብቻው መንገድ በተከለለት ከተማ ያምርበታል እንጂ ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ አይነዳም። በያጅዎ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ የሁለት ጎማ መሪን ማቀናጀት ግን የብየዳ ብቻ ሙያ አይደለም። መሪው መሐል መንገድ ላይ ቢለቅ ልጆቹ ከፊት ናቸው።

ፋብሪካም ይሳሳታል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር የኔዘርላንድ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አንድ ትልቅ የቤተሰብ ብስክሌት አምራች ሽያጩን እንዲያቆም አዝዟል፤ ምክንያቱ የቴላዮ መሰንጠቅ ነበር። ይህን የምነግርዎ ለማስፈራራት ሳይሆን ለበያጅዎ የሚከተለውን እንዲነግሩልኝ ነው። የድሮ ብስክሌት ቱቦዎች መጋጠሚያ ላይ የተጣበቁት በነሐስ ነው፤ ነሐስ የነካውን ብረት በኤሌክትሪክ ቢበይደው ነሐሱ ወደ ብየዳው ይገባና ያሰነጥቀዋል። ከመጋጠሚያው ይራቅ፣ ቀለሙንም እስከ ብረቱ ይፋቅ። የቱቦው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ወፍራም ኤሌክትሮድ ይበሳዋል፤ ቀጭኑን ይጠቀም። ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ ርካሽ ነው ብሎ ካመጣ ይመልስ፤ ጭሱ ሌሊት ትኩሳት ያስይዘዋል፣ ብየዳውም ይቦረቡራል።

ፍሬን ላይ ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ያሳምራል። ለተራ ብስክሌት ልክ ነው። በረዘመ ብስክሌት ላይ ግን አብዛኛው ክብደት ከኋላ ስለሆነ የኋላውም እኩል ይሠራል። የተለመደው የኋላ ፍሬን ገመድ አይደርስም፤ ረጅም ገመድ ይፈልጉ እንጂ ሁለቱን ቀጣጥለው እንዳያስሩ።

የልጅ እግር ሽቦ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፣ ደግሜ ማየት አልፈልግም። የኋላውን ጎማ በሁለቱም በኩል እስከ እግር መርገጫው ድረስ ይሸፍኑት። የቢጫ ጀሪካን ጎን ተቆርጦ በሽቦ ሲታሰር በቂ ነው፤ ውበቱ አያሳስብዎ። ታናሹ የሚይዘው መያዣና ወገቡን የሚያስር ቀበቶ ይኑረው። ብስክሌቱ ቆሞ ልጆች ሲወጡና ሲወርዱ ስለሚወድቅ፣ ባለ አንድ እግር ማቆሚያውን አውጥተው ሰፊ ባለ ሁለት እግር ያስበይዱ።

ሥራው ሲያልቅ ልጆቹን ወዲያው አያሳፍሩ። ግማሽ ኩንታል አሸዋ ሁለት ከረጢት ላይ ከፍለው በልጆቹ ቦታ አስረው አንድ ሳምንት ይንዱበት። ጉድጓድ ሲያጋጥም አይሽሹት። ከዚያ ብየዳዎቹን በነጭ ጋዝ ቀብተው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ፣ በደረቅ ጨርቅ አጥርተው የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱባቸው። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ከውስጡ እየወጣ ጠመኔው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሥላል። መስመር ካዩ ወደ በያጁ ይመለሱ፤ ካላዩ ሽቦዎቹን እንደገና ያስጠብቁ፣ አዲስ ሽቦ በመጀመሪያው ሳምንት ሁልጊዜ ይረግባልና።