ሳንበደር የምናርፈው እንዲህ ነው

እህቴ፣ «ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነን፣ ሦስት ልጆች አሉን፤ ከደብረ ብርሃን ተነስተን፣ ኪሳችን ሳይጎዳ አብረን የት እንረፍ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ከተማ አራት ልጆች አሳድጋለሁ። ጥያቄሽ ለዓመታት የእኔም ጥያቄ ስለነበር ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የተሳሳትነውን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ሁለት ሌሊት አደርን። ልጆቹ ደስ አላቸው። እኔና ባለቤቴ ግን ምግብ በታዘዘ ቁጥር ሒሳብ ስንደምር ከረምን። ስንመለስ የጤፍ ብር ተበደርን። በኋላ ደብተር ላይ ስንጽፈው ትንሹ ወጪ ትራንስፖርቱ ነበር። ብሩን የበላው አልጋውና የሆቴል ምግቡ ነው። ከዚያ ወዲህ የምናስበው እነዚህን ሁለቱን የማይጠይቅ ጉዞ ብቻ ነው።

በጣም የምንወደው ታኅሣሥ ላይ ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ነው። የዚያን ጊዜ የእኛን ውርጭ ታውቂዋለሽ፤ ልጆች ጠዋት ከብርድ ልብስ አይወጡም። መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ወርደሽ ግን ቆላ ትገቢያለሽ። ሹራባቸውን አውልቀው በካናቴራ ሲሮጡ ሳይ አንጀቴ ይርሳል። እዚያ የባለቤቴ አክስት አሉ፤ እሳቸው ጋ እናድራለን። ባዶ እጃችንን አንሄድም። ቡና፣ ስኳርና ከዚህ የተፈጨ የገብስ በሶ እንይዛለን። ከሁለት ሌሊት ግን አናልፍም። ልጆቼም ውሃ ይቀዳሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፤ የእንግዳ ድካም ሁሉ አሮጊት ላይ መውደቅ የለበትም።

እዚያ የሚያሳድራችሁ ዘመድ ከሌለ በዚያው መንገድ ላይ ወዳለው ደጋ፣ ጣርማ በር፣ ደርሶ መልስ በቂ ነው። ማታውን ድፎ ዳቦ እጋግራለሁ። ድንችና እንቁላል እቀቅላለሁ፣ ቆሎ እቆላለሁ፣ ሻዩን በፔርሙስ እሞላለሁ። አንዴ ከጎረቤት ጋር ሆነን ሚኒባስ በኮንትራት ያዝን፤ ሒሳቡ ለሁለት ሲካፈል ቀለለን። ገደሉ አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲነጩ አገኘናቸው። ልጆቼ ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ነገር እያዩ በጥያቄ አደከሙኝ። በዱር የሚኖሩት በኢትዮጵያ ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው ትልቁ አላመነኝም ነበር። ዳቦ እንዳይወረውሩላቸው ግን አደራ። ምግባቸው ሣር ነው፤ ሰው ካስለመዳቸው መንገድ ላይ ይወጡና መኪና ይገጫቸዋል።

ስለ ዓመት ፈቃድ ደግሞ። የመንግሥት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 20 የሥራ ቀን ያገኛል፤ በየዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ እስከ 30 ይደርሳል። እኛ ግን ሁሉንም ለለቅሶና ለሕመም እንጨርሰው ነበር። አሁን ዓመቱ ሲጀመር ሁለት ቀን ለይተን እናስቀምጣለን። ዓርብንና ሰኞን ስንወስድ ከቅዳሜና እሑድ ጋር አራት ቀን ይሆናል። የበዓል ዋዜማን ሽሹት፤ መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ ታሪፍም ይጨመራል።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮችን ጠይቁ። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉን እኛ ሳንከራከር እንቀራለን። የተጋገረው ዳቦ ግን ቤት አይበላም። ይዘነው በሬሳ ወንዝ ዳር እንወርዳለን፣ ስልክ እንዘጋለን፣ እስከ ማታ እንውላለን። ያለፈው ዓመት እንዲህ ቀርተን ባለቤቴ ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ከተማችን ስሟን ስላገኘችበት የሰማይ ብርሃን ሲተርክላቸው ዋለ። ትንሿ ልጄ እስካሁን «ያንን ድገመው» ትለዋለች።

ጣርማ በርን ከመረጣችሁ ለልጆቹ ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ ያዢላቸው። ፀሐይ ብትወጣም እዚያ ነፋሱ ኃይለኛ ነው።