የሰዎችን አመለካከት ከአገር አገር ለማወዳደር ዳታ ከየት ይገኛል?

ሰላም እህቴ። ስለ ሴቶች ሥራና ስለ ቤተሰብ ያለውን አመለካከት ከአገር አገር ለማወዳደር ነፃ ዳታ የት እንደሚገኝ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን በወርልድ ቫሊውስ ሰርቬይ እጀምራለሁ፤ በብዙ አገሮች የሰዎችን አመለካከት በየዙሩ የሚጠይቅ ጥናት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ሰባተኛው ዙር ከ2017 እስከ 2022 ተካሂዷል። ድረ ገጹ ላይ አገርና ጥያቄ መርጠሽ ሠንጠረዡን እዚያው ታያለሽ። ሶፍትዌር አያስፈልግሽም።

ለአንቺ ርዕስ ግን አይ.ኤስ.ኤስ.ፒ. (ኢንተርናሽናል ሶሻል ሰርቬይ ፕሮግራም) የሚባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ይሻላል ባይ ነኝ። በየዓመቱ አንድ ርዕስ ይዞ ጠለቅ ብሎ ይጠይቃል። ቤተሰብና የፆታ ሚናን በ1988፣ 1994፣ 2002፣ 2012 እና 2022 አንስቶታል። አውሮፓ ብቻ ከበቃሽ ዩሮፒያን ሶሻል ሰርቬይ፣ ለአፍሪካ ደግሞ አፍሮባሮሜትር አለልሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ቁጥር ከማነፃፀርሽ በፊት መጠይቁን አውርደሽ አንብቢ። ለምሳሌ ወርልድ ቫሊውስ «ሥራ ሲጠፋ ከሴት ይልቅ ወንድ ሥራ የማግኘት መብት ሊኖረው ይገባል» በሚለው ሐሳብ ላይ ድሮ ሦስት የመልስ አማራጮች ነበር የሚሰጠው። በሰባተኛው ዙር ግን አምስት ሆኑ። ይህን ሳታዪ ሁለቱን ዙሮች ጎን ለጎን ካስቀመጥሽ የሰው ሐሳብ የተቀየረ ሊመስልሽ ይችላል። የተቀየረው ግን መጠይቁ ሊሆን ይችላል! (እኔም አንዴ በእንዲህ ያለ ነገር ተሸውጃለሁ።) «አላውቅም» ያሉትን ከመቶኛው ውስጥ አስገብተሽ ወይም አውጥተሽ እንደሆነም ለይተሽ ጻፊ። ዌይት የሚባለውን ማስተካከያም (የተጠየቁት ሰዎች ስብጥር የአገሩን ሕዝብ እንዲመስል የሚያደርገውን ስሌት) እንዳትረሺ። የትኞቹን አገሮች እንደመረጥሽ ከነገርሽኝ ዙሩን አብረን እናያለን።