ማዳበሪያው ሞላ፤ ከዚያስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ 24 ዓመቴ ነው። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እሁድ እሁድ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል የሚባሉት ቦታዎች አካባቢ ቆሻሻ መልቀም ከጀመርን ሦስት ወር ሆነን። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አይከፍለንም። አሁን ግን ሁለት ብቻ ቀርተናል። አንደኛ፣ ሰው ያሾፍብናል። "ስንት ይከፈላችኋል?" የሚለን አለ። አንዱማ የጠጣበትን ሃይላንድ ፊታችን ወርውሮ "በሉ ይቺንም" አለን። ሁለተኛ፣ ባለፈው ዘጠኝ ማዳበሪያ ሞልተን የመናፈሻው በር ጋ ደርድረን ሄድን። በማግስቱ ጥበቃው ደውሎ ጮኸብን። ለካ ሌሊቱን ሁሉም ተበትኖ አድሯል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ድካማችን ፋይዳ አለው ወይስ እንተወው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። ስድቡ ያልፋል። ችግራችሁ ማዳበሪያው ነው።

እኔም የጀመርኩት እንደናንተው ነው። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር ወጣን። በመጀመሪያው ቀን 11 ማዳበሪያ ሞላን። ኩራታችን ልክ አልነበረውም። ገንዳው ጢም ብሎ ስለነበር ጎኑ ደርድረነው ሻይ ልንጠጣ ሄድን። በማግስቱ ጠዋት ብቅ ስል ምን ልይ? አባ ኮዳዎቹ ማዳበሪያውን በዚያ ረጅም መንቁራቸው ዘልዝለውታል። ጦጣዎቹ የሙዝ ልጣጭ ፍለጋ የቀረውን ጎልጉለዋል። ነፋሱ ደግሞ ፌስታሉን እያንከባለለ ወደ ውሃው ይዞት ሄዷል። ከመልቀማችን በፊት ያ ፌስታል ቢያንስ ሳሩ ይዞት ነበር። እኛ ሰብስበን ለሐይቁ አስረከብነው።

ሐይቁ ደግሞ አደራ የሚሰጡት አይደለም። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እስለው ነበር። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃውን ፀሐይ እየጠጣች ነው ልኩን የሚይዘው። ሃይላንድ ደግሞ አይተንም። ተማሪ ሆኖ ይህን የሸመደደው ሰው ሁሉ ዛሬ ዳር ቆሞ ይወረውራል። ጥፋቱ የኔም ይሆናል፤ ፈተና ላይ እንጂ ሐይቁ ዳር ወስጄ አላሳየኋቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መውጫውን ሳላውቅ አላጎነብስም። የምለቅመው ነገር ዛሬ ማታ የት ያድራል? ነገ ማን ይወስደዋል? ይህን መመለስ ካልቻልኩ ቤቴ ተቀምጬ ቡናዬን እጠጣለሁ።

አሁን እኛ የምንይዘው ሦስት ማዳበሪያ ነው። አንዱ ለሃይላንድ ብቻ ነው። እሱን በኪሎ የሚገዛ አለ። ሰፈራችሁ "ቆራሌው!" እያለ የሚዞረውን ልጅ ለማን እንደሚያስረክብ ጠይቁት፤ ያሳያችኋል። ክዳኑን ፈታችሁ፣ ውስጡ የቀረውን ውሃ ደፍታችሁ፣ በእግር ጨፍልቁት። ክዳኑ ከተዘጋ አየር ይዞ አልጨፈለቅም ይላል፤ አንድ ማዳበሪያ ሃያ ሠላሳ ጠርሙስ ይዞ "ሞላሁ" ይላችኋል። ደግሞም ክዳኑና ጠርሙሱ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ አይደሉም። ለየብቻ ያዙት።

ሁለተኛው ማዳበሪያ የሚበሰብሰው ነው፦ ልጣጭ፣ የሸንኮራ ምጣጭ፣ ገረባ። ገረባውን ፍየል ያላት ጎረቤት እየለመነች ትወስድላችኋለች። የእኛዋማ ከቀረን "ምነው ዛሬ?" ብላ ትደውላለች።

ሦስተኛው ማንም የማይፈልገው ነው። ፌስታል፣ የብስኩት ላስቲክ፣ ዳይፐር፣ የሲጋራ ቁራጭ። የሲጋራውን ጥጥ መሳይ ነገር ጥጥ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ፕላስቲክ ነው። ይህ ማዳበሪያ መሄድ ያለበት ወደ ገንዳው ነው። ገንዳውን የሚያነሳው መኪና የሚመጣበትን ቀን የጽዳት ማኅበሮቹን ሴቶች ጠይቁ። ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ቀኑን ስናውቅ የሥራ ቀናችንን ከእሁድ ወደ መኪናው ዋዜማ አዞርነው። ከመካከላችን ሁለት እንቅልፍ ወዳዶች በዚያው ቀሩ፤ ማዳበሪያ ግን ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ አድሮ አያውቅም። እናንተ ሥራ ካላችሁና ከእሁድ ሌላ ካልተመቻችሁ፣ የሚቆለፍ ጥግ ፈልጉ። ያ የጮኸባችሁ ጥበቃ ቁልፉ እጁ ላይ ነው። ሂዱና ይቅርታ ጠይቁት። ያንን ሁሉ ብቻውን የጠረገው እሱ መሆኑን አስቡት። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ ደግሞ።

"ተወሰደ" የሚለው ቃል ራሱ እንዳያታልላችሁ። ተወሰደ ማለት ሌላ ቦታ ተከመረ ማለት ነው። አዲስ አበባ ቆሼ የተናደው መጋቢት 2009 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ በላይ ሰው፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ቤታቸው እንዳሉ ቆሻሻ ቀበራቸው። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውን ማዳበሪያ ባሰርኩ ቁጥር ክብደቱ ይሰማኛል። ቀላል ቢሆንም።

ቦታም ምረጡ። ወንበሮቹ ሥር ያለው ለዓይን ያስጠላል እንጂ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከከተማ የሚመጣው ቦይ አፉ ላይ ያለው ግን አንድ ዝናብ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጠዋት ቦዩ አፍ ብትውሉ፣ ሳር ላይ ወር ሙሉ ከመዞር ይሻላል። የመረብ ቁራጭም አትለፉ። አንዴ አንድ አባ ኮዳ እግሩን ክሩ ጠፍንጎት ሲያነክስ አየን። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ጣለበትና በምላጭ ቆርጦ ለቀቀው። ወፉ ምስጋና አያውቅም፤ ሊነክሰን ዞረ።

ስለ ስድቡ። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ጽዳት ሲባል ትዝ የሚለው የቀበሌ ጡሩንባ ነው። ስም ይጠራ ነበር፤ የቀረ ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ በፈቃዱ የሚያጎነብስ ሰው ሲያይ "ከጀርባው ምን አለ?" ቢል አልፈርድበትም። "አይከፈለንም" ብላችሁ አትከራከሩ። "እሁድ ጠዋት እዚህ ነን" ማለት ይበቃል። ስድስት ወር በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ሲያያችሁ ይለምዳችኋል።

ለወርዋሪው ደግሞ የራሴን ልንገርህ። ሙሽሮች ለፎቶ ሐይቁ ዳር ሲመጡ ታውቃለህ። አንዱ ሚዜ፣ ከረባቱን ያላላ፣ ጠርሙሱን እግሬ ሥር ጣለና "እናት፣ ይቺንም" አለኝ። ደሜ ፈላ። አንድ የቆየ ተማሪዬን መስሎኝ ስሙን ልጠራ ነበር። ከዚያ "እሺ ልጄ፣ ክዳኑን ግን ፍታልኝ፤ እጄ ዝሏል" አልኩት። ፈታው። ክዳኑን ይዞ ግራ ቀኝ አየ። የሚጥልበት አጣ መሰለኝ፣ ኪሱ ከተተውና ወደ ሙሽሮቹ ሄደ።

ፋይዳ አለው ወይ ላልከኝ፦ መውጫ ካለው አለው። ለሁለት ሰው ደግሞ ዘጠኝ ማዳበሪያ ይበዛል። ሁለት ሙሉና፤ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሸኙ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ክበብ ልጆቼን ለጽዳት መናፈሻ ሊወስዳቸው ነው። መርፌ እንዳይወጋቸው ፈራሁ። *እናት፣ ከሻሸመኔ*

መልስ፦ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ልጆች መርፌና ስባሪ ጠርሙስ አይንኩ። ካዩ ቆመው አዋቂ ይጥሩ። አዋቂው በወፍራም የግንባታ ጓንትና በመቆንጠጫ አንስቶ ክዳን ያለው የዘይት ጀሪካን ውስጥ ይክተተው፤ ማዳበሪያ ውስጥ በፍጹም። ሳር ውስጥ እጅ መስደድ የለም፤ ቀርከሃ ጫፉ ላይ ምስማር መትቶ መውጋት ነው። ሸራ ጫማ እንጂ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ድንገት ከወጋ ቁስሉን አትጭመቁ። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። የቴታነስ ክትባቱንም እዚያው ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ፌስታል ተከለከለ ይባላል፤ ገበያ ግን አሁንም ይሰጡኛል። በምን ልያዝ? *ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ*

መልስ፦ ክልከላው አዲስ አይደለም። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ አግዷል። በምን ልያዝ ላልከኝ፣ እናትህ ዘንቢል አልነበራቸውም? እኔ አትክልቱን በዘንቢል፣ ዓሣውን በምሳ ዕቃ ነው የምገዛው። ዓሣ ሻጩ መጀመሪያ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሳቀብኝ። ባለፈው ሳምንት ረስቼው ብሄድ "ቲቸር፣ ምሳ ዕቃውስ?" ብሎ መለሰኝ። በባጃጅ ተመልሼ አመጣሁት።